እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች

ስለ አገራችን የምግብ ባህል በሚጻፉ መጣጥፎች ውስጥ ጤፍና ገብሱ፣ ወጡና ጠጁ፣ ቡናውም ከነሥርዓቱ ተደጋግመው ይነሣሉ። ፍራፍሬ ግን ቢጠቀስ የሚጠቀሰው በመጨረሻ፣ ያውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ለዚህ ተጠያቂዎቹ ጸሐፊዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ፍሬ በገበታችንም ላይ ቢሆን የታወቀ ቦታ አልነበረውም። በደጋውና በወይና ደጋው ገበሬ ዘንድ ምግብ ማለት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ ነው፤ ባጭሩ ከእህል የተሠራ ነገር ነው። ፍሬ ግን እረኛ ከብት ሲያግድ ከዛፍ ለቅሞ የሚቀምሰው፣ ሕፃን የሚታለልበት፣ ባሕታዊ በገዳሙ ሥጋውን የሚያደክምበት ነገር ሆኖ ኖረ። ለተከበረ እንግዳ ፍሬ አቅርቦ «ይብሉ» ማለት የቤቱን ባለቤት ያሳፍር ነበር፤ የዱር ፍሬ ለቅሞ ማደር ደግሞ የክፉ ዘመን ምልክት ነበር።

ይህ አመለካከት ጣና ዳር ሲደርስ እንቆቅልሽ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛው ሐይቅ ዳርቻው ለሎሚም፣ ለትርንጎም፣ ለማንጎም፣ ለፓፓያም የተመቸ ነው። ማር በጎጃም ሞልቷል። ዳቦ መጋገር የአካባቢው ባልቴቶች የተካኑበት ሙያ ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ፍሬን ከማር ጋር ጋግሮ በትኩሱ ከምግብ በኋላ ማቅረብ ሲነሣ «እሱማ የፈረንጅ ነው» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ግማሹ እውነት ነው። በመጽሐፍ የሰፈረው መመሪያ፣ ስሙም ሥርዓቱም ከውጭ መጥቷል። ይሁን እንጂ ፍሬው፣ ማሩ፣ የኮባ ቅጠሉና ከላይም ከታችም የሚነደው እሳት ከሐይቁ ዳር ጥንትም ነበሩ። በአንድ ምጣድ ሳይገናኙ የኖሩበትን ምክንያት መመርመር የጣና ዳርን ኑሮ ታሪክ በከፊል መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ወደ ዘጌ እንሻገር። ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የሚገኘው ይህ ባሕረ ገብ መሬት በደን የተሸፈነ ሲሆን፣ በውስጡ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ በትረ ማርያምንና ሌሎችንም ገዳማት ይዟል። በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት ቅዱሱ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ቈርሰው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ። የዘጌ ሰው በእነዚህ እንዲኖር፣ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባ ቃል ኪዳን ተሰጠ ይባላል። ትውፊቱን እንደ ሃይማኖት ታሪክ የሚቀበለው አለ፤ እንደ ኢኮኖሚ ሕግ ብናነበውም ትርጉሙ አይጠፋም። ማረሻና ከብት ያልገቡበት ደን ሳይመነጠር ቀረ፤ ሕዝቡም የዛፍ ፍሬ ሸጦ እህል የሚሸምት ሕዝብ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዘጌ ሎሚ እንጂ ስንዴ የለም፤ ቅቤ የሚወጣባት ላምም የለችም። ከሐይቁ ማዶ በሜጫ፣ በደራና በፎገራ ደግሞ እህልና ከብት እንጂ የዘጌን ያህል ፍሬ የለም። ዱቄት ያለው ፍሬ፣ ፍሬ ያለው ዱቄት አልነበረውም። ሁለቱ የሚገናኙት በገበያ ሲሆን፣ ወደ ገበያው የሚያደርሰው መንገድ ውኃው ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ሸክሙን የተሸከመችው ታንኳ ናት። ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ የሚሠራው ይህ ቀላል መጓጓዣ ቡናውን፣ ሎሚውንና ማገዶውን ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲያመላልስ ኖሯል። በታንኳ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ድንጋይ ጠርበው ወፍጮ በመሥራትም ይታወቃሉ። እንግዲህ ፍሬውን ወደ ገበያ ያደረሰችውን ታንኳ ያሰረው እጅና ስንዴውን ዱቄት ያደረገውን ወፍጮ የጠረበው እጅ አንድ ነበር ማለት ነው። ይኸው እጅ ግን በባለ እህሉ ገበታ ላይ እንዲቀርብ አይፈቀድለትም ነበር። ቀደም ባሉት ዘመናት ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ወይጦዎች እንደ ርኩስ ተቈጥረው ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ስለ ጣና ዳር ምግብ የሚጻፍ ታሪክ ይህን ዘሎ ቢያልፍ ስለ ቅመም ብቻ የተጻፈ ይሆናል።

የፍሬዎቹ ስምም የራሱ ታሪክ አለው። ዶቅማ፣ እንኮይ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ አጋም፣ ቆሽም እያልን የምንጠራቸው የምድሪቱ የራሷ ልጆች ናቸው። ሙዝና ኮክ ከነስማቸው በዐረብኛ ተናጋሪው ዓለም በኩል መጡ። ብርቱካን የሚለው ቃል ዐረቦች ፍሬውን በፖርቱጋል ስም ከጠሩበት ቃል የተገኘ ነው። ማንጎና ፓፓያ ገና ትናንት የመጡ ስለሆኑ ስማቸው እንኳ ወደ አማርኛ ድምፅ ተለውጦ አላለቀም። ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ 6 ዓመት ያህል በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሰሜን በጐበኛቸው ገዳማት የሎሚና የትርንጎ ዛፎች ማየቱን ጽፏል። ይህም በዘጌ የምናየውን ያጠናክራል፦ የተተከለ ፍሬ ከሁሉ አስቀድሞ የገዳም ሀብት ነበር። መነኩሴው ደግሞ ፍሬውን እንደ በረከት ለጎብኚ ይሰጣል፣ ለሕመምተኛ ይልካል፣ በጾም ይቀምሳል እንጂ አብስሎ ጣዕሙን ሊያበዛው አይሻም። የጣዕም መብዛት የመጣበት ዓላማ አይደለምና።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። በጎጃምና በጎንደር ለበዓል፣ ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለአራስ ጥየቃ የሚጋገረው ድፎ ዳቦ አሠራሩ ሁሉም ሰው አይቶት የሚያልፈው፣ ጥቂቱ ሰው ብቻ የሚያስተውለው ጥበብ ነው። ሊጡ በእርሾ አድሮ ኩፍ ሲል፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል። ምጣዱ በጉልቻ ላይ ተጥዶ የኮባ ቅጠል ይነጠፍበታል፤ ሊጡ ይፈስበታል፤ በላዩ ሌላ ኮባ ይለብሳል፤ በአክንባሎ ፈንታ ብረት ወይም ሌላ ምጣድ ይከደንበትና በክዳኑ ላይ ፍም ይጫናል። በሁለት ወገን ችግር የመጣበትን ሰው «እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደበት» የምንለው ከዚህ በመነሣት ነው። ዘይቤው ሥቃይን ያመለክታል፤ ሙያው ግን የሚያመለክተው ሌላ ነው። አገሬው ባለበር የጡብ ምድጃ ሳይኖረው ምድጃው የሚሰጠውን ሙቀት፣ በዙሪያ እኩል የሚሠራውን ሙቀት፣ በሸክላና በፍም ማግኘት ችሎ ነበር ማለት ነው።

ኮባውስ ከየት መጣ? በደቡብ እንሰት ተብሎ የሕዝብ ቀለብ የሆነው ተክል በሰሜን ዛሬ የሚፈለገው በአብዛኛው ለቅጠሉ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1763 ዓ.ም. ወደ ዓባይ ምንጭ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንሰት በጎንደር እንደሚያምር፣ ከዓባይ በስተምዕራብ በሜጫ በኩል ግን ሰፊ ተክል እንዳለና ለዚያ አገር ሕዝብ ዋና ምግብ እንደሆነ ጽፏል፤ ሥዕሉንም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አውጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በጣና ዙሪያ ተክሉ ከምግብነት ወደ ምግብ መጠቅለያነት ወርዷል። ቅጠሉ ሊጡ ከምጣድ እንዳይጣበቅ ይከላከላል፤ እርጥበቱን ጠብቆ ያበስለዋል፤ መዓዛውንም ያጋባበታል። በከተማ ግቢ እየጠበበ ሲሄድ አስቀድሞ የሚቈረጠው ይኸው ኮባ መሆኑ ያሳዝናል። የመጋገሪያ ወረቀት ገዝቶ በምጣድ ማንጠፍ ይቻላል፤ ወረቀት ግን መዓዛ የለውም።

ስለ ማር የሚባለው አጭር ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ግልጽ ነው። ማር ግብር ነበር፣ የጌታ ቤት መዝገብ ነበር፣ ከዚያም ጠጅ ነበር። ከገበሬው ቀፎ የወጣው ጣፋጭ ነገር ወደ ጋን ገብቶ በብርሌ ወጣ እንጂ ወደ ምጣድ አልቀረበም። ለቤት የቀረችው ጥቂቷ ለአራስ አጥሚት፣ ለሳል መድኃኒት፣ ሲገኝ ሲገኝ ደግሞ ለቂጣ ማባያ ትውል ነበር። ስኳርም ቢሆን በአገር ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው በወንጂ በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከባሕር ማዶ መጥቶ በገጠር ቤት በጥንቃቄ የሚቀመጥ ውድ ዕቃ ነበር። ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ በባህላችን ስም ያልነበረው ስለዚህ ነው። ዛሬ «ማጣጣሚያ» የምንለው ቃል ለምግብ ቤት ዝርዝር ተብሎ ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ የገጠሩ እናት የምታውቀው የምግብ መዝጊያ ቡና ነው።

አራቱን ነገሮች ያቀራረበችው ከተማዋ ናት። ባሕር ዳር የጣልያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ሲገባባት በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ መንደር ነበረች። ወራሪው ባለፈበት ሁሉ እንደሆነው፣ የጋገራው ምድጃ ስም በአማርኛ የዳቦ ስም ሆኖ ቀረ፦ ፉርኖ። ከነፃነት በኋላ በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ከ11 ሜጋዋት ጥቂት በለጥ የሚለው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተር ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሏትን ከተማ ነደፈ። ከየአውራጃው የመጣው ሠራተኛ፣ ተማሪና መምህር ግቢ ሲያገኝ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ተከለ። የፋብሪካ ደወል የሚጠራት ሴት ደግሞ ሊጥ አሳድራ፣ ኩበት አንድዳ ድፎ መጋገሩን ለዓመት በዓል ብቻ አቆየችው፤ የዕለቱን ዳቦ ከሱቅ ገዛች። በዚህ ሁኔታ ፍሬና የስንዴ ዳቦ በአንድ ቤት፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተራ ነገር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኬክ ቤት ነው። ስለ እሱ ብዙ የሚባል አይመስለንም። ክሬሙ በቀለም ያሸበረቀው ኬክ ለልደትና ለሠርግ ፎቶግራፍ ያምራል፤ በውስጡ የጣና ዳር ፍሬ አይገኝም። «ዘመናዊ ጣፋጭ» ሲባል ሰው የሚያስበው ይህንኑ መሆኑ፣ በጓሮው የወደቀውን ማንጎ እንደ ተራ ነገር እንዲያየው አድርጎታል።

ምድጃ ስለሌለን የተጋገረ ፍሬ የእኛ ሊሆን አይችልም የሚል ክርክርም ይሰማል። የሌላውን ዓለም ታሪክ ማየት ይህን ለማስተካከል ይረዳል። በሰሜን አሜሪካ «ኮብለር» የሚባለው ትኩስ የፍራፍሬ ጋገራ የተስፋፋው ምድጃ ባልነበራቸው ሰፋሪዎችና መንገደኞች ዘንድ ነው። ክዳኑ ጠርዝ ያለውን ወፍራም የብረት ድስት በፍም ላይ ያስቀምጡታል፤ በክዳኑ ላይም ፍም ይጭናሉ። ከሥር ኮክ ወይም ፖም፣ ከላይ ሊጥ ይሆናል። የእንግሊዞቹ «ክራምብል» ደግሞ ሊጡን እንኳ አይፈልግም፤ ዱቄትና ቅባት በጣት ታሽቶ እንደ ፍርፋሪ በፍሬው ላይ ይበተናል። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 ምግብ በራሽን ይታደል በነበረበት አገር እንዲህ ያለው ቆጣቢ አሠራር መወደዱ አያስደንቅም። እንግዲህ እነዚህ ምግቦች የቤተ መንግሥት ልጆች አይደሉም፤ የተወለዱት ከማጣትና ከመቆጠብ ነው። ከእነርሱ የአንዱ አሠራር ከላይና ከታች ፍም፣ የሌላው ፍርፋሪ ነው። የጎጃም ባልቴት ሁለቱንም ሳትማር ታውቃቸዋለች፤ የደረቀ ዳቦንና ቂጣን ወደ ፍርፍርና ወደ ፍትፍት በመለወጥ ከእርሷ የሚበልጥ የት ይገኛል?

ነገሩን አሁን ማንሣት ያስፈለገው ለጣዕም ብቻ ተብሎ አይደለም። ማንጎ በበጋው ማብቂያና በክረምቱ መግቢያ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በአንድ ጊዜም ይበሰብሳል። በገበያ አመሻሽ ላይ ሻጮች የተጨፈለቀውን ለይተው በርካሽ ይሰጡታል፤ የማይሸጠው ይጣላል። በሌላ በኩል የቫይታሚን ኤ እጥረት የሚያመጣው ዳፍንት አገሪቱን ሲያሠቃይ የኖረ የሕፃናት ሕመም ነው። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ቢጫና ብርቱካንማ መልክ የሚሰጣቸው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ወደዚህ ቫይታሚን የሚለወጥ ነው። መጠነኛ እሳት አያጠፋውም፤ ከጥቂት ቅባት ጋር ሲበላ እንዲያውም ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። ቫይታሚን ሲ ግን በእሳት ስለሚቀንስ፣ የተጋገረ ፍሬ የጥሬውን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይወስድም። እናቶች «ፍሬ ሆድ ያቆስላል» ብለው ከሕፃን የሚያርቁበት ቤት አለ፤ በትኩሱ፣ ለስልሶ፣ ከዳቦ ጋር ሲቀርብ ግን በዐይናቸው ምግብ ይሆናል። «ምግብ» የሚለው ስም በእኛ ዘንድ የሚሰጠው እሳት ላየ ነገር ነውና።

ስለ ቅባቱ አንድ ቃል እንጨምር። የውጭዎቹ መመሪያዎች ቅቤና እንቁላል ያዛሉ፤ ማንጎ በሚደርስበት ወቅት ግን የሐዋርያት ጾም፣ በተለምዶ የሰኔ ጾም የምንለው፣ ይገባል። ጎጃም የኑግ አገር ነው። የኑግ ዘይት የቅቤን ቦታ በሚገባ ይሸፍናል፤ የራሱ የቅመም ጠረን ስላለው ግን በልክ መሆን አለበት። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከማንጎ ጋር ከቅቤ ይልቅ ይስማማል፤ የማይስማማ አንባቢ በፍስክ ቀን በቅቤ ይሞክረው።

ለ6 ሰው የሚበቃው አዘገጃጀት የሚከተለው ነው። መካከለኛ መጠን ያላቸው 5 ማንጎዎች የበሰሉ ሆነው ገና ጠጠር ያሉት ይመረጣሉ፤ ፈጽሞ የላላ ማንጎ በእሳት ላይ ውኃ ይሆናል። ተልጠው በአውራ ጣት ስፋት ይከተፋሉ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ለምልክት ያህል ቀረፋ ይጨመርባቸዋል። ሎሚው መቅረት የለበትም፤ ያለ እርሱ ጣዕሙ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ቶሎ ይሰለቻል፤ ዘጌም በዚህ ምግብ ውስጥ የምትገባው በሎሚዋ ነው። ማንጎ ባልደረሰበት ወራት ያልላላ ፓፓያ ከሙዝ ጋር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሎሚው ይበዛል፣ ማሩ ይቀንሳል።

ለላዩ 2 የሻይ ብርጭቆ የደረቀ የስንዴ ዳቦ ፍርፋሪ በ3 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይትና በቁንጥር ጨው ይታሻል። ከበዓል የተረፈ ድፎ ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል፤ አዝሙዱና ድንብላሉ አብረው ይገባሉና። ፉርኖም ይሆናል። ኮባው በእሳት ወላፈን ለብ ተደርጎ እንዲለዝብ ይደረግና፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ እንዲቆም ሆኖ በሸክላ ድስት ወይም ጎድጎድ ባለ ምጣድ ውስጥ ይነጠፋል። ፍሬው ይገባል፤ ፍርፋሪው ሳይጠቀጠቅ ይበተንበታል፤ የብረት ክዳን ይከደናል።

እሳቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሸክላ ድንገተኛ ግለት ስለማይወድ ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ አመድ ሲለብስ ይጣዳል። ከሥር ጥቂት ፍም ይበቃል፤ ማርና የፍሬ ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ ከበዛ ያርራል። በክዳኑ ላይ የሚጫነው የታቹ እጥፍ ያህል ይሁን፤ ፍርፋሪውን የሚያጠይመው እርሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ያለ ፍም በመካከለኛ ሙቀት ሊጋግረው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆነው መዓዛው ራሱ ይናገራል፤ ያን ጊዜ ፍሙ ተጠርጎ ክዳኑ ቀስ ብሎ ይነሣል። አመድ እንዳይገባበት ክዳኑን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ማንሣት ድፎ የጋገረች ሁሉ የምታውቀው ነው። ማሩ ሲፈላ አፍ ስለሚያቃጥል ቡናው ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ይቆይና፣ ለብ እንዳለ ከነኮባው በሰፌድ ላይ ወጥቶ ለአቦል ይደርሳል።